ፅንስ ማስወረድ የማን ጉዳይ ነው? ከፍትሐ ነገሥት እስከ አውቶቡስ ተራ



መርካቶን የምታውቁ ሁሉ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ታውቃላችሁ። በመካከላቸው ቆሞ የሚነግድ ሰው ቅዳሴውንም አዛኑንም ይሰማል። አለፍ ሲባል አውቶቡስ ተራ አለ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ ብዙ ወጣት ሴቶች አንድ ፌስታል ልብስ ይዘው የወረዱት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም በከፊል እናውቀዋለን፦ ደላላው፣ የሰው ቤት ሥራው፣ ቡና ቤቱ፣ የሰባተኛ ሰፈር ሌሊት።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ ሳታስበው ብታረግዝ፣ ፅንሱንም ለማስወረድ ብታስብ፣ ጉዳዩ የማን ነው? የቤተ ክርስቲያን ወይስ የፍርድ ቤት?

በወጣቶች ኅብረት ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ቶሎ ለሁለት እንከፈላለን። አንዱ ወገን፣ “ሕይወት የእግዚአብሔር ናት፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእምነት ነው” ይላል። ሌላው፣ “አገሪቱ የብዙ እምነቶች ናት፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሕግ ነው” ይላል። ከዚያ ሰዓቱ ይሞላል፤ ጸልየን እንለያያለን። ክርክሩ የማያልቀው ሰዎቹ ግትር ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ጥያቄው በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ግን እምብዛም አንነጋገርበትም። በዚህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ አብረን እንከተላለን። የአገራችንን ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልሁ እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች

ወንጌል በሮም ግዛት መሰበክ በጀመረበት ዘመን የልጅ ሕይወት በአባት እጅ ነበረ። የተወለደውን ሕፃን አባቱ ካልተቀበለው ከቤት ውጭ ይጣል ነበር። ፅንስ ማስወረድም የታወቀ ነገር ነበር። የጥንት ክርስቲያኖች ሁለቱንም እምቢ አሉ። “ዲዳኬ” ተብሎ የሚታወቀው፣ ከአዲስ ኪዳን ዘመን ብዙም ሳይርቅ የተጻፈው የትምህርት መጽሐፍ ፅንስ ማስወረድንና ሕፃን መግደልን አንድ ላይ ይከለክላል። ክርስቲያኖቹ ግን በመከልከል አላበቁም፤ የተጣሉ ሕፃናትን አንሥተው ማሳደግን የእምነታቸው ሥራ አደረጉት። በዚያን ጊዜ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሕግ ማውጣትም ሆነ ሰው ማሰር አይችሉም ነበር። የነበራቸው ትምህርታቸውና ቤታቸው ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ314 በአንቂራ፣ ማለትም በዛሬዋ አንካራ፣ ጉባኤ ተደረገ። ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓት ከጋብቻ ውጭ አርግዛ ያስወረደች ሴት እስከ ሞቷ ሰዓት ድረስ ከቁርባን ትለይ ነበር። ጉባኤው ቅጣቱን ወደ አሥር ዓመት ንስሐ አወረደው። ዛሬ ስንሰማው አሥር ዓመትም ከባድ ነው። አቅጣጫውን ግን ልብ በሉ፦ አባቶች ድርጊቱን ኃጢአት ማለታቸውን ሳይተዉ ለሴቲቱ የመመለሻ በር ከፈቱላት። በዚያው ምዕተ ዓመት የቂሣርያው ባስልዮስ፣ ፅንሱ ቅርጽ ይዟል አልያዘም የሚለውን ክርክር ወደ ጎን ትቶ ድርጊቱን ከግድያ ቆጠረው። እርሱም ቢሆን አሥር ዓመትን ካነሣ በኋላ ፈውሱ የሚለካው በጊዜው ርዝመት ሳይሆን በንስሐው እውነተኝነት እንደሆነ ጻፈ።

ከዚህ ዘመን ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ፅንስን እንደ ተራ ነገር አይታ አታውቅም። ሁለተኛ፣ ኃጢአትን በስሙ የጠሩት ሰዎች የኃጢአተኛይቱን መመለሻም አብረው አስበዋል።

አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ክፍል

ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የምትዳኘው በልማድና በፍትሐ ነገሥት ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ ኢብን አል ዓሳል በዓረብኛ ያዘጋጀው፣ ኋላም ወደ ግዕዝ የተተረጎመ መጽሐፍ ነው። ከምንጮቹ መካከል ያነሣነው የአንቂራ ጉባኤ ቀኖናዎች ይገኙበታል። መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው፦ ፍትሕ መንፈሳዊና ፍትሕ ሥጋዊ። የመጀመሪያው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ሁለተኛው ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ወንጀል ይናገራል።

አስተውሉ፤ ክፍሎቹ ሁለት ቢሆኑም መጽሐፉ አንድ ነው። በዚያ ዘመን “የሃይማኖት ነው ወይስ የሕግ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ራሱ ባልገባ ነበር። ንጉሡ የሚቀባው በጳጳስ እጅ ነው፤ ዳኛው የሚጠቅሰው መጽሐፍ በካህናት የተተረጎመ ነው። ስለዚህ የዛሬ ክርክራችን ከጥንት የመጣ ሊመስለን ቢችልም ከመቶ ዓመት ብዙም አይርቅም። ጥያቄው መጠየቅ የጀመረው መጽሐፉ ለሁለት ሲከፈል ነው።

መክፈሉ ቀስ በቀስ ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከ1928 እስከ 1933 በነበረው የጣሊያን ወረራ ከተማይቱ በዘር ተከፋፈለች። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ለአገሬው ሰው ወደ ተመደበው ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ የዛሬው መርካቶ፣ የዛሬው አዲስ ከተማ የተባለው አካባቢ እንዲህ ተፈጠረ። ከአራዳ የተነሣው ገበያ አዲሱ ሰፈሩ ላይ የክርስቲያኑ፣ የሙስሊሙ፣ የአማራው፣ የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የሐረሪው፣ የዓረቡ መገናኛ ሆነ። እንዲህ ያለ ገበያ የሚተዳደረው በአንዱ ወገን የእምነት መጽሐፍ ሊሆን አይችልም። ሚዛኑ ለሁሉም አንድ መሆን አለበት።

የሁለት ሐኪም ፊርማ

በ1949 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። መቅድሙ ፍትሐ ነገሥትን በክብር ቢያነሣም አሠራሩ የአውሮፓ ነበር። ፅንስ ማስወረድ በዚህ ሕግ ወንጀል ነው። የሚፈቀደው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ እናቲቱን በሌላ መንገድ ሊወገድ ከማይችል ከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ሲሆን። ለዚያም የአንድ ሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫና የሁለተኛ ስፔሻሊስት ሐኪም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። አስገድዶ መድፈር፣ የዘመድ ግንኙነት ወይም የከፋ ድህነት ካለ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል፤ ድርጊቱ ግን ወንጀል መሆኑ አይቀርም።

በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በመላው ኢትዮጵያ ስንት ሐኪም ነበር? የማህፀን ስፔሻሊስትማ በጣት የሚቆጠር ነበር። ሁለቱን ፊርማ ልታገኝ የምትችለው በአዲስ አበባ የምትኖር፣ ገንዘብና ዘመድ ያላት ሴት ናት። በሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ ግን የምታውቀው የሠፈር መድኃኒተኛ፣ ሥርና ቅጠል፣ ንጽሕናው ያልተጠበቀ መሣሪያ ነው።

ውጤቱ ምን ነበር? በ1974ና በ1975 ዓ.ም. አጥኚዎች በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞሩ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሞቱ እናቶችን መዘገቡ። በሆስፒታል መዝገብ ብቻ ሳይወሰኑ በየቤቱ መጠየቃቸው ያልተነገረውን አወጣው። ከእርግዝና በቀጥታ ከሚመጡ የሞት ምክንያቶች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ፅንስ በማስወረድ የተነሣ ጉዳት ነበር። ይህ የሆነው ሕጉ ከሞላ ጎደል ሁሉንም በሚከለክልበት ጊዜ ነው። ክልከላው ስንቱን እንደመለሰ የሚነግረን ቁጥር የለም። ወደ ጓዳ የገባው ግን ስንት ሴት እንደገደለ ጥናቱ አሳይቷል።

በውጭም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የሩማንያው መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ ውርጃን ከጥቂት ሁኔታ በቀር ከለከለ። ምክንያቱ እምነት አልነበረም፤ መንግሥቱ እግዚአብሔር የለም ባይ ነበር። የሚፈልገው የሕዝብ ብዛት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚወለደው ሕፃን ቁጥር በእጥፍ ገደማ አደገ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ተመልሶ ወረደ። አገዛዙ እ.ኤ.አ. በ1989 እስኪወድቅ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በስውር ውርጃ ሞቱ፤ የሕፃናት ማሳደጊያዎቹም ወላጆች በተዉአቸው ልጆች ሞልተው ተገኙ። ሕይወትን የሚወድ ቤተሰብና ማኅበረሰብ ከኋላው ያልቆመለት ክልከላ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል።

የ1996ቱ ሕግ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖርና አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደነገገ። የእምነት ፍርድ ቤቶች ሙሉ በሙሉ አልቀሩም። በአንቀጽ 34 መሠረት ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ወንጀል ግን ከዚህ ውጭ ነው። አንዋር መስጊድ የሚሰግደውም፣ ራጉኤል የሚያስቀድሰውም፣ በእኛ አዳራሽ የሚዘምረውም በወንጀል የሚጠየቀው በአንድ ሕግ ነው።

በዚህ መሠረት የወንጀል ሕጉ ሲሻሻል ፅንስ ማስወረድ ትልቅ መከራከሪያ ሆነ። የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበርና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በየሆስፒታሉ የሚያዩትን ሞት እያነሡ ሕጉ እንዲላላ ጠየቁ። የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን ወገኖች፣ ከእነርሱም ጋር ክርስቲያን የጤና ባለሙያዎች፣ ፅንስ ሕይወት ነው ብለው ተቃወሙ።

የወጣው ሕግ የሁለቱንም ወገን ፍላጎት ሙሉ በሙሉ አልፈጸመም። አዋጅ ቁጥር 414/1996 ሆኖ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 545 ፅንስ ማቋረጥ በመርሕ ወንጀል እንደሆነ አስቀምጧል። በአንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘረዘረ፦ እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ የእናቲቱን ወይም የፅንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና ለአደጋ የሚጥል ሲሆን፤ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፤ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። በመደፈር ወይም በዘመድ ለተፀነሰው ከሴቲቱ ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። የከፋ ድህነት ደግሞ እንደ ቀድሞው ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ቀረ። በ1998 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዝርዝር መመሪያ አወጣ፤ ዕድሜዋንም በተመለከተ የነገረችው ይበቃል አለ።

“ስለዚህ በኢትዮጵያ ውርጃ ተፈቅዷል” የሚሉም፣ “ተከልክሏል” የሚሉም ሰዎች ግማሹን ብቻ ይናገራሉ። በእኛ አገር በመርሕ ወንጀል ነው፤ በተዘረዘሩት ሁኔታዎች አይቀጣም፤ በተግባርም የሴቲቱን ቃል መቀበል ትልቁን ቦታ ይዟል።

ቁጥሮቹን በእውነት እናንብብ

ክርስቲያን እውነትን አይፈራም፤ ስለዚህ የማይመቸንንም ቁጥር እናንብብ። በ2000 ዓ.ም. የተደረገ አገር አቀፍ ግምት በዓመት 382,500 ያህል ውርጃ እንደተፈጸመ፣ ከእነዚህም በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተደረገው 27 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳየ። በ2006 ዓ.ም. በተደገመው ጥናት ጠቅላላው ቁጥር ወደ 620,300 አደገ፤ በተቋም በሕጋዊ መንገድ የተደረገውም 53 በመቶ ደረሰ። በሌላ በኩል በሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ100,000 ሕያው ውልደት የሚሞቱ እናቶች በ1992 ዓ.ም. 871 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርደዋል።

ሁለቱ ክፍሎች ከእነዚህ ቁጥሮች የሚመቸውን ብቻ ይመርጣሉ። ሕጉን የሚደግፈው የሞቱን መቀነስ ያነሣል፤ ለሞቱ መቀነስ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ክሊኒኮችና የቤተሰብ ምጣኔም ድርሻ አላቸው። ሕጉን የሚቃወመው የውርጃውን መጨመር ያነሣል፤ በእነዚያ ዓመታት የሕዝቡ ቁጥርም ጨምሯል፤ ያም ሆኖ ከ1,000 ሴቶች አንጻር ሲሰላም ጭማሪ አለ። ሁለቱንም ብንይዝ እንዲህ እንላለን፦ ብዙ እናቶች ከሞት ተርፈዋል፤ ብዙ ፅንሶችም አልተወለዱም። አንዱን ሐዘን ለማሸነፍ ሌላውን መካድ የለብንም።

ደግሞም በ2006 ዓ.ም. ግማሽ ያህሉ አሁንም ከሕጋዊው መንገድ ውጭ ነበር። ሕጉ በሩን ከፍቶላት ሳለ ሴቲቱ ለምን በጓዳ ትሄዳለች? አንዳንዷ ሕጉን አታውቅም፤ አንዳንዷ ገንዘብ የላትም። ብዙዋ ግን የምትፈራው ፖሊስን አይደለም። የምትፈራው ቤተሰቧን፣ ጎረቤቷንና ጉባኤዋን ነው። ወደ እኛ ቤት የሚያደርሰን ጥያቄ ይህ ነው።

ለእምነት የቀረው፣ ለሕግ የቀረው

ከዚያ በፊት ግን የሕጉን ነገር እንጨርስ። ወንጌላውያን በሕግ ጉዳይ ለመናገር መብት አለን፤ ዜጎች ነን። ይሁን እንጂ የራሳችንን ታሪክ ማስታወስ አለብን። በ1964 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል ምእመናን በአዲስ አበባ ለአምልኮ በተሰበሰቡበት በብዛት ተይዘው ታስረዋል። የመንግሥት ሃይማኖት በነበረበት አገር እምነታቸው የተለየ መሆኑ ነው ያሳሰራቸው። የሌላው እምነት በሕግ ኃይል ሲጫንብን ምን እንደሚመስል እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። ስለዚህ በሕግ አደባባይ ስንቆም ለሙስሊሙ ጎረቤታችንም በሚገባ ቋንቋ መናገር ይጠበቅብናል። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ለምሳሌ ከ120 ቀን በፊትና በኋላ ባለው ፅንስ መካከል ልዩነት ያደርጋሉ። ከእነርሱ ጋር የምንጋራው ብዙ ነው፤ ሁሉንም ግን አንጋራም።

ወንጌላውያንም ራሳቸው ሁልጊዜ አንድ ቃል አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ በመደፈር፣ በዘመድ ግንኙነት፣ በከባድ የፅንስ ጉድለት፣ የእናቲቱም አካላዊ፣ አእምሮአዊና ስሜታዊ ጤና በሚጎዳበት ሁኔታ ውርጃ የሚፈቀድበትን ሕግ ደግፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ያው ጉባኤ ከእናቲቱ ሕይወት በቀር ሁሉም እንዲከለከል ጠየቀ። ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። ይህን የማነሣው ለማሳፈር አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስን የሚወዱ ሰዎች “ሕጉ የቱን ይቅጣ?” በሚለው ላይ ሊለያዩና ሊመለሱ እንደሚችሉ እንድናውቅ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ፅንስ የሚለው ግልጽ ነው፦ መዝሙር 139 እግዚአብሔር በማኅፀን ሠሪ እንደሆነ፣ ኤርምያስ 1 ከመፈጠር በፊት የሚያውቅ እንደሆነ፣ ሉቃስ 1 ዮሐንስ በኤልሳቤጥ ማኅፀን በደስታ እንደዘለለ ይነግሩናል። ስለዚህ ፅንስ በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ ያለው ሕይወት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም በፍርሃት ሳይሆን በድፍረት ልንናገር ይገባል። መንግሥት ምን ያህል ይቅጣ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በዘፀአት 21 ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ነፍሰ ጡር ስለተመታችበት ጉዳይ የሚናገረው ሕግ ራሱ በትርጓሜ ሲያከራክር ኖሯል፤ ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ቅርጽ የያዘውንና ያልያዘውን ፅንስ ለይቶ ያስቀምጣል።

እንግዲህ ሕግ የሚችለው ምንድን ነው? ሕግ መቅጣት ወይም አለመቅጣት ይችላል። ደፋሪውን ማሰር፣ ሐኪሙን መቆጣጠር ይችላል። ሕግ ግን ከአውቶቡስ ተራ ለወረደች ልጅ ማደሪያ አይሆናትም፤ አያለቅስላትም፤ ልጇን አቅፎ ስም አያወጣለትም። ያ ሥራ የእኛ ነበር። ሕጉ ሥራችንን እንዲሠራልን ስንጮህ ሥራውን ረሳነው። ሕጉ ሲላላም “እንግዲህ መንግሥት ፈቅዷል” ብለን እጃችንን ታጠብን። ሁለቱም ስህተት ነው።

የሚታየውና የማይታየው

አሁን ወደ ራሳችን አጥቢያ ግቡ። አንዲት እኅት፣ የመዘምራን አባል ትሁን፣ ከጋብቻ ውጭ አረገዘች እንበል። በብዙ አጥቢያዎቻችን የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ከአገልግሎት ትታገዳለች፤ ከጌታ እራት ትከለከላለች፤ በአንዳንዱ ቦታ ስሟ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ እርሷም ከኋላ ወንበር ወደ ቤት ትቀራለች። ወንዱስ? ከካደ ሆድ የለው፤ ምን ይታይበታል? በሚቀጥለው እሑድ ጊታሩን ይዞ ይቆማል።

አሁን ሌላዋን እኅት አስቡ። እርሷም አረገዘች፤ ግን ለማንም አልነገረችም። በሳምንቱ መካከል አንድ ቦታ ሄዳ ተመለሰች። እሑድ ዩኒፎርሟን ለብሳ ዘመረች። ማንም አላገዳትም፤ ምክንያቱም ማንም አላየም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ሥርዓት አንድ የውጭ ሰው ቢያየው ምን ይላል? ሕፃኑን ያቆየችው ተቀጣች፤ ያላቆየችው አልተነካችም። ከመድረኩ “ፅንስ ሕይወት ነው” እንላለን፤ በአሠራራችን ግን ለደከመች ልጅ የምናስተምራት የተገላቢጦሽ ነው፦ ከታየብሽ ትጠፊያለሽ፤ ካልታየብሽ ትድኛለሽ። የ1949ኙ ሕግ ሴቲቱን ወደ ጓዳ ገፋ ካልን፣ የእኛም ተግሣጽ ወደዚያው ጓዳ እየገፋ እንደሆነ ማየት አለብን። የተደፈረችዋ ደግሞ የባሰ ይደርስባታል። የወንጀል ሕጉ ቃሏን ያለ ማስረጃ ሲቀበል፣ ከሽማግሌዎቻችን ፊት ስትቀርብ “እስቲ አንቺስ ምን አድርገሽ ነበር?” ትባላለች።

ተግሣጽ ይቅር አልልም። ተግሣጽ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው፤ ዓላማው ግን መመለስ ነው። የአንቂራ አባቶች እ.ኤ.አ. በ314 የገባቸው ይህ ነበር።

እዚህ ላይ ከራሳችን ቤት አንድ ምስክር ልጥራ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሚያገለግሉበት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በውጭ ላሉ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ወንጌልንና ልማትን፣ የሰውን ነፍስና የሰውን ሥጋ ለያይቶ ማገልገል ስህተት እንደሆነ ተከራከረች። “ሁለንተናዊ አገልግሎት” የምንለው ትምህርት ከዚያ ብዙ አግኝቷል። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ፤ ትምህርቱ ግን ቀረልን። ይህን ትምህርት በያዝነው ጉዳይ ላይ ካዋልነው እንዲህ ይላል፦ ለፅንሱ የምትከራከር ቤተ ክርስቲያን ለእናቲቱ ዳቦ፣ አልጋና ዘመድ መሆን አለባት። አንዱን ከሌላው ለይታ መያዝ አትችልም።

በዘፀአት 1 የምናነባቸው ሺፍራና ፉሐ የንጉሡን የግድያ ትእዛዝ እምቢ ያሉት አዋላጆች ናቸው። እምቢታቸው በሥራቸው ቦታ ነበር፤ ከምጥ አልጋው አጠገብ። ሕፃናቱን ያዳኑት እዚያ ስለነበሩ ነው።

ታዲያ እኛ የት እንቁም?

በመጀመሪያ፣ አስቀድመን እንናገር። ችግሩ ከደረሰ በኋላ ማንም አይሰማም። የወጣቶች መሪ ከሆናችሁ፣ እኅቶቻችሁ ሲያረግዙ መጀመሪያ ወደ እናንተ እንዲመጡ ዛሬውኑ በግልጽ ንገሯቸው፤ ስትመጣም ምን እንደምታደርጉላት ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ሁለተኛ፣ ወንዶችን ጥሩ። ልጅ ሁለት ወላጅ አለው። ተግሣጽ ካለ ለሁለቱም ይሁን፤ አባትነት ካለ ቀለቡም፣ ወጪውም፣ ስሙም ይኑር።

ሦስተኛ፣ ቤት ክፈቱ። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ቀርቷል። እንግዲህ እናቱ ልታሳድገው ያልቻለች የኢትዮጵያ ሕፃን ተስፋው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ነው። በሮም ዘመን ከደጅ ሕፃን ያነሡ የነበሩት ክርስቲያኖች ከእኛ ይበልጥ ሀብታም አልነበሩም።

አራተኛ፣ ያስወረደችው እኅት በመካከላችን አለች። ይህንን ጽሑፍ እያነበበች ሊሆን ይችላል። እኅቴ ሆይ፣ ለአንቺም የተከፈተ በር አለ፤ ባስልዮስ እንዳለው የሚለካው ዘመኑ ሳይሆን ልብ ነው። የምታምኛትን አንዲት እናት ፈልጊና ንገሪያት፤ ብቻሽን አትሸከሚው።

ጉዳዩ የሃይማኖት ነው ወይስ የሕግ ለሚለው መልሴ ይህ ነው። የትኛው ድርጊት በእስራት እንደሚቀጣ የሚወስነው ሕግ ነው፤ በዚያ አደባባይ እንደ ዜጋ በጨዋ ቋንቋ እንከራከር። ልጅቱ ከአውቶቡስ ስትወርድ ማን እንደሚቀበላት የሚወስን አንቀጽ ግን በ1949ኙም በ1996ቱም ሕግ ውስጥ የለም። ደላላው በየማለዳው እዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። ከእኛስ ማን ቆሟል?

ለኅብረት ውይይት

1. በአጥቢያችሁ ከጋብቻ ውጭ ስላረገዘች እኅት ያለው ሥርዓት ምንድን ነው? ስለ ወንዱስ?
2. ሙስሊም ጎረቤታችሁ በሚረዳው መንገድ ስለ ፅንስ ሕይወት ለመናገር ብትፈልጉ ምን ትላላችሁ?
3. ኅብረታችሁ በዚህ ሩብ ዓመት ለአንዲት እናትና ለአንድ ሕፃን ምን ማድረግ ይችላል? ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደሚሠራው ጻፉ።